እማማን ማዕከል ከማስገባታችን በፊት ምን እንይ?

ላሊበላ ያሉት አያታችሁ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ እንበል። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደረጉና ሆስፒታሉ «ውሰዷቸው» አለ። ከዚያስ?

ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው መቄዶንያን ነው። ግን ቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ የመሠረተው መቄዶንያ በዋናነት የቆመው ጎዳና ላይ ለወደቁና ጧሪ ለሌላቸው ነው። ቤተሰብ ላላቸው እማማ የሚፈለገው በክፍያ የሚያስታምም ማዕከል ወይም ቤት የሚመጣ አስታማሚ ነው፤ እሱ ደግሞ ላስታ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

መጀመሪያ ይሄን ለዩ፦ የሚገቡት አገግመው እንዲራመዱ ነው ወይስ ለዘለቄታው?

ለመራመድ ከሆነ ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያሠራቸው ጠይቁ። አልጋው ስላማረ አይነሱም። ቤታችሁ ዳገት ላይ ከሆነ፣ ሽንት ቤቱም ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሴራሚክ ላይ የተራመደ ሰው የላሊበላን ድንጋያማ ቁልቁለት ላይችለው ይችላል።

ለዘለቄታው ከሆነ ሳትደውሉ ሂዱ፣ በተለይ ማታ። ስንት አስታማሚ ያድራል? መገላበጥ የማይችሉትን በየስንት ሰዓቱ ያገላብጧቸዋል? (የተለመደው በየ2 ሰዓቱ ነው።) ከገቡም በኋላ ስትጠይቋቸው ተረከዛቸውንና ከወገባቸው በታች ያለውን እዩ። የአልጋ ቁስል ሲጀምር ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጃችሁ ዳሱት፤ ከሌላው ቦታ ከሞቀ ወይም ከጠጠረ ዕለቱን ለነርሷ ንገሩ።

እማማንስ ጠየቃችኋቸው? አብዛኛው ነገር እሳቸው ሳይሰሙ ነው የሚወሰነው፤ ይሄ ልክ አይደለም ባዮች ነን። የጾም ምግብ ይሠራል ወይ፣ ቅዳሴ የሚያደርሳቸው ሰው አለ ወይ የሚለው ለእሳቸው ከቲቪው ይበልጣል።

ብሩን ስትከፍሉ ደግሞ ዳይፐርና መድኃኒት ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ።