የሚመረምሩት እነማን ናቸው?



«ከተባበሩት መንግሥታት መርማሪ መጣ ሲባል ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብላችሁ ለምትጠይቁን፣ በሊባኖስ የሆነውን እንንገራችሁ።

በ2011 እ.ኤ.አ. ጉልናራ ሻሂንያን የተባሉ አርመናዊት ስለ ዘመናዊ ባርነት ሊመረምሩ ቤይሩት ገቡ። በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ ስላደረገ፣ የሚጠብቃት ሕግ እንዲወጣ አሳሰቡ። በ2012 እ.ኤ.አ. አንዲት እህታችን በቆንስላው ደጅ ስትደበደብ በቪዲዮ ታይታ ኋላ በሆስፒታል ሕይወቷ ሲያልፍ፣ ጉዳዩ በሚገባ እንዲጣራ መንግሥትን ጠየቁ።

እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን የሚሾማቸው በጄኔቫ ያለው የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ነው። ለሥራቸው ደመወዝ የላቸውም፤ በአንድ ሹመት ከስድስት ዓመት በላይ አይቆዩም። ለምርመራ አገር የሚገቡት መንግሥት ሲፈቅድ ነው። ሳይመጡም ግን ከተበደለው ወይም ከወኪሉ አቤቱታ ተቀብለው ለመንግሥት ይጽፋሉ፤ ደብዳቤውና መልሱ ኋላ ለሕዝብ ይወጣል።

ማሰር ወይም ደመወዝ ማስከፈል አይችሉም። ኃይላቸው በማስረጃ የተጻፈ ቃል ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ከእናንተ ይጀምራል። ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአሠሪውን ስም፣ ያልተከፈላችሁን ወር በአማርኛም ቢሆን ጻፉ። የፓስፖርታችሁን ኮፒ ለምታምኑት ሰው ስጡ። ወኪል ሊጽፍላችሁ ቢፈልግ አስቀድሞ ፈቃዳችሁን ይጠይቅ።

አደጋ ላይ ያለች እህት ግን የጄኔቫን መልስ አትጠብቅ፤ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለቅርብ ሰው ቶሎ ታሳውቅ። ማንበብ ለማትችል እህታችሁ ይህን አንብቡላት።

አምላክ ይጠብቃችሁ። አሜን።