ኮቱ ጥሩ ነው፤ ሥራስ?

ሰው አዲስ ሐሳብ ሲመጣለት ደስ ይለዋል። «ይህን ሠርቼ ባወጣ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል» ይላል። ነገር ግን ያልተሞከረ ሐሳብ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ታዲያ ሐሳባችንን እንዴት እንሞክረው? ዛሬ የአንዲት ተማሪን ሥራ እናነባለን። ከእርሷ የምንማረው አለ።

ተማሪዋ ቬሮኒካ ስኮት ትባላለች። የምትማረው በአሜሪካ አገር፣ በዲትሮይት ከተማ ነበር። ትምህርቷ ዲዛይን ነው። ዲዛይን ማለት አንድ ዕቃ ከመሠራቱ በፊት ቅርጹንና አሠራሩን አስቦ ማውጣት ነው።

ዲትሮይት በመኪና ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950 ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። ከዚያ በኋላ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘጉ። ሥራ ጠፋ። ሰዉም እየለቀቀ ሄደ። በ2010 የቀረው ሕዝብ ወደ 714 ሺህ ብቻ ነበር። ቤት ያጡ ሰዎች ደጅ ያድሩ ነበር። የዚያ አገር ክረምት እንደ እኛ ክረምት የዝናብ ወራት አይደለም። በረዶ ይወርዳል፤ ውኃ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ደጅ ያደረ ሰው በብርድ ሊሞት ይችላል።

በዚያው በ2010 ተማሪዎቹ አንድ ሥራ ታዘዙ። የሰውን ችግር የሚያቃልል ዕቃ አስበው እንዲያወጡ ነው። ቬሮኒካ ቤት ላጡት ሰዎች ልሥራ አለች።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ተማሪዋ ክፍሏ ተቀምጣ አላሰበችም። ሰዎቹ ከብርድ ወደሚጠለሉበት ቤት ሄደች። በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ለአምስት ወር ያህል ተመላለሰች። ጠየቀች፤ አዳመጠች። ከዚያም ቀን ኮት፣ ሌሊት የመኝታ ከረጢት የሚሆን ልብስ ሰፋች። የመጀመሪያው ከባድ ነበር፤ መልኩም አያምርም። ለሰዎቹ ሰጥታ አስሞከረች። የማይመቸውን እየጠየቀች እንደገና ሠራችው።

አንድ ቀን ግን በመጠለያው ያለች ሴት ተቆጣቻት። ኮት አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገን ሥራ ነው አለቻት።

ይህ ከባድ ቃል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን፣ «ለእነሱ ብዬ ደክሜ!» ብሎ ይቀየም ነበር። ቬሮኒካ ግን አሰበችበት። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ኮት የሌሊቱን ብርድ ይከላከላል። ሲነጋ ችግሩ እዚያው ነው። ስለዚህ ሐሳቧን አሰፋችው። ኮቱን የሚሰፉት ቤት ያጡት ሰዎች ራሳቸው ይሁኑ፤ ደመወዝም ያግኙ አለች። ብዙ ሰው አይሆንም አላት። እሷ ግን ድርጅት አቋቋመች። ከመጠለያ የመጡ እናቶችን ቀጥራ ስፌት አስለመደች።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ኮቱን የሚለብሰው ሰው መግዣ የለውም። ስለዚህ ወጪውን የሚሸፍን ሌላ ሰው መፈለግ ነበረባት። ካርሃርት የተባለው የሥራ ልብስ ኩባንያ በስፌት መኪናና በጨርቅ ረዳ። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የመኪና ኩባንያ ደግሞ ከፋብሪካው የተረፈውን፣ ሙቀት የሚይዝ ገበር ሰጠ። ሌሎችም ለጋሾች ገንዘብ አዋጡ።

ለእኛ ለተማሪዎች ደስ የሚያሰኝ ሌላም ነገር አለ። ሠራተኞቹ ደመወዝ የሚያገኙት ለስፌቱ ብቻ አልነበረም። ከሥራ ሰዓታቸው ከመቶው 40 ያህሉ ለትምህርትና ለሌላ ድጋፍ ተመደበ። ትምህርት ያቋረጡት ቀጠሉ። የገንዘብ አያያዝም ተማሩ። ኮቱ ከብርድ አዳነ፤ ሥራው ደግሞ ከመጠለያ አውጥቶ ለራስ ቤት አበቃ።

እኛስ? ከመካከላችን ሸማ የሚሠራ፣ ሰፌድ የምትሰፋ፣ ሸክላ የምትሠራ አለች። አዲስ ነገር ስናስብ ገንዘባችንን ሁሉ ባንድ ጊዜ አናውጣ። እስቲ በቅድሚያ እነዚህን እናድርግ።

1. የሚገለገልበትን ሰው ችግሩ ካለበት ቦታ ሄደን እንጠይቅ።
2. አሥር ሳይሆን አንድ ብቻ ሠርተን እናስሞክር።
3. ማን እንደሚከፍል፣ ስንት እንደሚከፍል እንወቅ።
4. የሚነቅፈንን ሰው እስከ መጨረሻው እንስማ።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ያቺ ሴት ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ኮቱ ኮት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።