የፊት ሽብሽብ ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ «ዶክተር፣ ለፊት መሸብሸብ ጥሩ ክሬም ንገረን» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የገዛችሁትን ፎቶ አንስታችሁ ትልካላችሁ። ከፎቶዎቹ መካከል ምን እንደያዘ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ዕቃ ደጋግሜ ስላየሁ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

አንዲት ታካሚዬን ላንሳ። ዕድሜዋ ወደ 40 የሚጠጋ፣ ቢሮ የምትሠራ ሴት ናት። ዓይኗ ጥግ ላይ መስመሮች ሲጀምሯት ጓደኛዋ ከምትገዛበት ኮስሞቲክስ ቤት ክሬም ገዛች። ስም የለውም፤ «ከውጭ የመጣ ነው» ብቻ ተባለች። በ5 ቀን ውስጥ ፊቷ ልስልስ፣ ፍክት አለ። የሥራ ባልደረቦቿ «ምን ተቀብተሽ ነው?» እያሉ አስጨነቋት። በአራተኛው ወር እኔ ጋ ስትመጣ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ወጥተው፣ አገጯ ቡጉር ሞልቶት ነበር። አንድ ቀን ካልተቀባች ፊቷ ይቃጠላል፤ ስለዚህ መተውም አቃታት።

ዕቃው ላይ ምንም ባይጻፍም የቆዳዋ ምልክት የሚናገረው ስቴሮይድን ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የመሳሰሉት ለቆዳ በሽታ በሐኪም ትዕዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ የሚሰጡ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳን ያሳሳሉ። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ይሸበሸባል። ስለዚህ ክሬም ስትመርጡ የመጀመሪያው መመዘኛ ፍጥነቱ ይሁን፦ በሳምንት ውስጥ ፊት የሚቀይር ክሬም ካገኛችሁ ደስ አይበላችሁ፣ ፍሩት።

ታዲያ የሚሠራው የትኛው ነው?

አንደኛው «የሽብሽብ ክሬም» ተብሎ አይሸጥም። ሰንስክሪን ነው። ፊታችንን በብዛት የሚያስረጀው ፀሐይ ነውና። በ2012 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ፎቶ አለ፤ 28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ነው። በመስኮቱ በኩል የነበረው የግራ ፊቱ ከቀኙ በብዙ ዓመት ያረጀ ይመስላል። የመኪና የጎን መስታወት ቆዳ የሚያቃጥለውን ዩቪቢ ጨረር ያግዳል፣ የሚያስረጀውን ዩቪኤ ግን ብዙውን ያሳልፋል። የእኛም አገር ሹፌር የሚቀመጠው በግራ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ 903 ሰዎችን ለ4 ዓመት ተኩል የተከታተለና በ2013 የታተመ ጥናት፣ በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት እንደፈለጉ ከሚቀቡት ይልቅ የቆዳ እርጅናቸው በ24 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

«እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል?» የምትሉ አላችሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ ሜላኒን ይከላከልልናል፣ ሽብሽብም ከፈረንጆቹ ዘግይቶ ነው የሚመጣብን። ነገር ግን ፀሐይ እኛ ላይ ቀድማ የምታወጣው ማዲያትና ጥቁር ነጠብጣብ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይሰማንም እንጂ!

ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነና ዩቪኤንም እንደሚከላከል የተጻፈበትን ምረጡ። በሚገባ ከተቀባ 30 የሚለው 97 በመቶ፣ 50 የሚለው 98 በመቶ ዩቪቢ ያግዳል፤ ስለዚህ 100 ለሚል ብላችሁ ብዙ ብር አታውጡ። ፊታችሁን ዱቄት የነካው ካስመሰለባችሁ የቆዳ ቀለም ያለውን ሞክሩ፤ ውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ ለማዲያትም ይረዳል። መጠኑ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት የተጨመቀ ነው። 50 ሚሊ ሊትሩ ስድስት ወር ከቆየላችሁ ግን እየተቀባችሁ ሳይሆን እየነካካችሁ ነው።

ሁለተኛው የማታው ነው፤ ሬቲኖል። ከቪታሚን ኤ ቤተሰብ ነው። ጠንከር ያለው ወንድሙ ትሬቲኖይን ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ አለው፤ እሱ ግን በሐኪም ትዕዛዝ ነው። እነዚህ ቆዳው የራሱን ኮላጅን እንዲሠራ ያነሳሳሉ፣ ውጤቱ የሚታየውም ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዝቅተኛው መጠን፣ ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ከሆነው ጀምሩ፤ በሳምንት 2 ሌሊት፣ ለመላ ፊት አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል። መጀመሪያ ላይ መድረቅና ትንሽ መላጥ ያለ ነው። አትቸኩሉ፤ የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ትቶ ነው የሚሄደው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ያሰባችሁ ጭራሽ አትንኩት። የምታጠቡም ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ሃያሉሮኒክ አሲድና ግሊሰሪን ቆዳን ያረጥባሉ፤ የረጠበ ቆዳ ሽብሽቡ ለጊዜው ይደበቃል። ተራ ቫዝሊንም ይህን ሥራ በርካሽ ይሠራዋል፣ ቡጉር የሚያስቸግራችሁ ግን ተዉት። «ኮላጅን ያለው» የሚለው ክሬም ከማለስለስ አያልፍም፤ ኮላጅን በቆዳ ውስጥ ለማለፍ ትልቅ ነው። ሎሚ ፊታቸው ላይ ቀብተው ፀሐይ ላይ የሚወጡትማ... እባካችሁ ሰላጣችሁ ላይ ጨምቁት። ግንባር ላይ ጠልቆ የተቀመጠ መስመርን ደግሞ የትኛውም ክሬም አያጠፋውም።

ስትገዙ ይህን እዩ፦ የአምራቹ ስም፣ የያዛቸው ንጥረ ነገሮች ዝርዝር፣ የሚያበቃበት ቀን። ከሦስቱ አንዱ ከሌለ መልሱት። ሬቲኖል በብርሃንና በአየር ስለሚበላሽ በጣት ከሚጠለቅበት ዕቃ ይልቅ በቱቦ ወይም በፓምፕ ያለው ይሻላል። መጀመሪያ የክንዳችሁን ውስጠኛ ክፍል ለአንድ ሳምንት ቀብታችሁ ሞክሩ።

ስም የሌለውን ክሬም ለወራት ስትቀቡ የቆያችሁ ካላችሁ በድንገት አታቋርጡ፤ ፊታችሁ ሊቆጣ ይችላል። ዕቃውን ይዛችሁ ሳትዘገዩ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ እንዴት እንደምትተዉት ይነግራችኋል። ታካሚዬ ፊቷ እስኪረጋጋ ወራት ፈጅቶባታል። ቡጉሩ ጠፍቷል፣ ጉንጯ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ግን ዛሬም አሉ። አሁን ጠዋት ጠዋት የምትቀባው ሰንስክሪን ብቻ ነው።