ውሻዬን ይዤ ልምጣ?

ቢሮዬ ፒያሳ ነው፤ ከጣይቱ ሆቴል ብዙም አይርቅም። ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ባሌና ወደ መንዝ ጓሳ በእግር የሚጓዙ እንግዶችን እመራለሁ። «ውሻዬን ይዤ ልምጣ?» የሚሉኝ ሰዎች እየበዙ ነው። ለሦስቱም ቦታዎች መልሴ አይሆንም ነው።

ምክንያቱ ቀይ ቀበሮ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኝም፤ በሕይወት ያለውም ከ500 አይበልጥም። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ ባሌ፣ ወብ ሸለቆ ውስጥ ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በጥቂት ወራት ከአራቱ ቀበሮ ሦስቱን ያህል ፈጀ። ቀበሮ ቀን አይጥ የሚያድነው ለየብቻው ቢሆንም የሚያድረው ከመንጋው ጋር ነው፤ ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ። በሽታው አንዱን ከያዘ መንጋውን ለማዳረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ውሻው ለእብደት ቢከተብም ሌላ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ገመዱን በጥሶ ቀበሮዎቹን ካባረራቸውም ሌላ ጣጣ ነው።

ከውሻው መለየት ለማይሆንለት ሰው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ ወርደን፣ ባለማሳውን አስፈቅደን ድንኳን እንተክላለን። የእብደት ክትባቱን ቢያንስ ከወር በፊት መውሰዱን ካርዱን አይቼ አረጋግጣለሁ። ማታ ውሻው ከባለቤቱ ጋር ድንኳን ውስጥ ያድራል፤ ይህን አላላላም። ጅብ ሲቀርብ ቀን ሲጮህ የዋለው ውሻ ድንገት ዝም ይላል፤ የጀርባው ፀጉር ይቆማል፣ ገመዱን ይወጥራል። «ልልቀቀው፣ ያባርረዋል» ይሉኛል። አንድ ውሻ ከጅቦች ጋር ጨለማ ውስጥ ገጥሞ የሚመለስበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የእንግዳው ውሻ አይደለም፤ የወጥ ሽታ ተከትሎ የሚመጣው የእረኛው ውሻ ነው። አብሳዩ አንዴ አጥንት ከወረወረለት ለቀጣዩ ቡድን ቀድሞ ይጠብቃል፤ በባሌና በጓሳ ደግሞ መንገዱ የቀበሮ ሰፈር ነው። ስለዚህ አጥንቱን በማዳበሪያ ቋጥረን፣ በበቅሎ ጭነን ከተራራው እናወርዳለን። በቅሎ ነጂዎቹ መጀመሪያ ይገርማቸው ነበር፤ አሁን ግን የማዳበሪያውን አፍ ራሳቸው ያስራሉ።

ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥባለሁ። ጉዞው እዚያው ይቋረጣል፤ ሰውየውን ይዤ ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም እወርዳለሁ።