ከጉልባን እስከ ዶሮ ወጥ፦ ሆድ ስለ ምን ይነፋል?

በጸሎተ ሐሙስ በየምእመኑ ቤት ጉልባን ይቀርባል። ክክ ባቄላ ከስንዴ ጋር ተቀቅሎ የሚዘጋጀው ይህ ምግብ ከሦስት ቀን በኋላ ቦታውን ለዶሮ ወጥ፣ ለዕንቁላልና ለወተት ይለቃል። 55 ቀናት ጥራጥሬ ሲመገብ የቆየን ሆድ በአንድ ሌሊት ልዩ ማዕድ ይጠብቀዋል። በጾሙ መግቢያም ሆነ በፍቺው ሰሞን ሆዱ ተነፍቶ የሚጨነቅ ሰው ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ በኀፍረት ዝም ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ሽሮ አይስማማኝም» በማለት ከጥራጥሬ ጨርሶ ይሸሻል። ይሁን እንጂ ምክንያቱን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ የሚያሳፍርም የሚያሸሽም አይደለም።

በሆድ ውስጥ የሚገኘው አየር ሁለት ምንጮች አሉት። አንደኛው ስንበላና ስንጠጣ የምንውጠው ሲሆን አብዛኛው በግሳት ይወጣል። ሁለተኛው በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩት ነው። በባቄላ፣ በሽምብራ፣ በአተርና በምስር ውስጥ ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የሚባሉ የስኳር ዓይነቶች ይገኛሉ። የሰው አካል እነዚህን የሚሰባብር ኢንዛይም ስለሌለው በትንሹ አንጀት ሳይፈጩ አልፈው ወደ ትልቁ ይደርሳሉ። በዚያም ባክቴሪያዎቹ ሲያብላሏቸው ሃይድሮጂን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንድ ሰዎችም ሚቴን ይፈጠራል። እናቶቻችን ይህን ሥራ ከቡሖ ዕቃ ያውቁታል፤ እርሾ የገባበት ሊጥ አረፋ የሚያወጣው፣ እንጀራውም ዓይን የሚያበጀው በተመሳሳይ መንገድ ነውና።

ስለሆነም አየር በራሱ ሕመም አይደለም። ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ያስወጣዋል። ከዚህም ሌላ ባክቴሪያዎቹ ከዚያው ምግብ የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሚመግብ ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይሠራሉ። ጥራጥሬን የሚተው ሰው ይህን ጥቅም ይቀንሳል።

ባክቴሪያዎቹ እንደ ማዕዳችን ይለዋወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሎውረንስ ዴቪድና ባልደረቦቻቸው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ 10 ፈቃደኞች ለአምስት ቀናት ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ብቻ ሲመገቡ የባክቴሪያዎቻቸው ስብጥር ምግቡ ትልቁ አንጀት በደረሰ በአንድ ቀን ውስጥ መለወጥ ጀምሯል። ለጥራጥሬ እንግዳ የሆነ ሆድ ግን ለመልመድ አንዳንዴ ሳምንታት ይፈጅበታል።

የፍስኩ ማዕድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሥጋና ዕንቁላል ድኝ ያለበት ፕሮቲን ስለሚይዙ ከአየሩ መጠን ይልቅ ሽታውን ያከፋሉ። ቅባት ምግቡን በጨጓራ ውስጥ ስለሚያዘገየው ሆድ ይከብዳል። በወጡ ውስጥ በብዛት የሚገባው ሽንኩርትም ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ነው። በወተት ውስጥ የሚገኘውን ላክቶዝ የተባለ ስኳር በሚገባ መፍጨት የማይችሉ አዋቂዎችም ብዙዎች ናቸው፤ ለእነርሱ እርጎ ይሻላል፤ የስኳሩን ከፊል ባክቴሪያዎች አስቀድመው ተመግበውታልና።

መፍትሔው ከየቤቱ የራቀ አይደለም። ባቄላና ሽምብራን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ እንደ በቆልትም ማብቀል፣ አየር የሚፈጥሩትን ስኳሮች ይቀንሳል። ጾም ሲገባ ጥራጥሬውን በጥቂቱ ጀምሮ መጨመር፣ ሲፈታም ሥጋውንና ወተቱን በአንድ ገበታ አለማብዛት ይገባል። በብዙ ቤት ከቅዳሴ መልስ አስቀድሞ ተልባ የመጠጣት ልማድ አለ፤ ከከባዱ ምግብ በፊት በቀላል ነገር መጀመር መልካም ነው። ነገር ግን መነፋቱ ከማይለቅ ሕመም፣ ከክብደት መቀነስ፣ ከትውከት ወይም ደም ከተቀላቀለበት ዓይነ ምድር ጋር ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ጾሙ ለ55 ቀናት ልክን አስተምሮናል። በትንሣኤው ማዕድ ዙሪያም ያው ልክ አብሮን ይቀመጥ።

መልካም የትንሣኤ በዓል!