‹‹ወባ የለብህም›› ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ሞያሌ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የሄደ ሰው ጣቱን ይወጋና አንድ ጠብታ ደም አር.ዲ.ቲ በምትባለው ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ይደረግለታል፡፡ ሩብ ሰዓት ገደማ ጠብቆ ‹‹አለብህ›› ወይም ‹‹የለብህም›› ይባላል፡፡ ተማሪዎቻችን ‹‹ያለ ማይክሮስኮፕ እንዴት ይታወቃል?›› እያሉ ይጠይቁናል፡፡ መልሱ ለወላጆችም ይጠቅማል፡፡

ሥራውን የሚሠራው ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነው፡፡ አንቲቦዲ ሰውነታችን በሽታን ለመከላከል የሚያዘጋጀው ፕሮቲን ነው፡፡ አንድ ቁልፍ የራሱን በር ብቻ እንደሚከፍት ሁሉ፣ አንዱ አንቲቦዲም የሚይዘው አንድ የተወሰነ ምልክት ነው፡፡ በደማችን ውስጥ ግን ብዙ ዓይነት ተደባልቆ ይገኛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ካምብሪጅ ውስጥ አንቲቦዲ የሚሠራን የአይጥ ሴል ከካንሰር ሴል ጋር አዋሐዱ፡፡ የተገኘው ሴል አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ ያመርታል፡፡ በ1984 ለዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት አገኙ፡፡ ዛሬ ተመራማሪዎች ንፍጥን የሚያዝለገልገውን ሙሲን የተባለ ፕሮቲን በካንሰር ናሙና ውስጥ የሚፈልጉት በዚሁ ዘዴ ነው፡፡ ለኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን የወባ ምርመራ ነው፡፡

ደሙ በመመርመሪያዋ ወረቀት ላይ ሲሄድ በጣም ደቃቅ የወርቅ ብናኝ የተለጠፈባቸው አንቲቦዲዎች ያገኙታል፡፡ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚለቀው ኤችአርፒ-2 የሚባል ፕሮቲን ካለ ይይዙታል፡፡ ወደ ፊት ሄደው ሌሎች አንቲቦዲዎች ሲያስቀሯቸው ቀይ መስመር ይታያል፡፡ ‹‹ሲ›› የተጻፈበት መስመር ካልወጣ ግን ምርመራው አይቆጠርም፣ በአዲስ መመርመሪያ ይደገማል፡፡

ልብ እንበል፤ አንቲቦዲው የሚፈልገው ተውሳኩን ራሱን ሳይሆን ምልክቱን ነው፡፡ ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል፡፡

1ኛ፦ ፕሮቲኑ ሰውየው ከዳነ በኋላም በደም ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፡፡ መስመር ታየ ማለት ሁልጊዜ አዲስ ወባ ማለት አይደለም፡፡

2ኛ፦ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ኤችአርፒ-2 የለውም፡፡ ኬንያ ውስጥ የሚበዛው ፋልሲፓረም ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሁለቱም አሉ፡፡ ቫይቫክስን የሚያሳየው ለሱ የተሠራ ሌላ መመርመሪያ ወይም ማይክሮስኮፕ ነው፡፡

3ኛ፦ ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው የፋልሲፓረም ተውሳኮች አሉ፡፡ ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ ምክንያት መመርመሪያዋን ቀይራለች፡፡ በ2021 የታተመ ጥናትም ኢትዮጵያ ውስጥ መኖራቸውን አሳይቷል፡፡

እንግዲህ ‹‹የለብህም›› ማለት ‹‹የምፈልገው ምልክት አልተገኘም›› ማለት ነው፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ ትክክል ነው፤ ትኩሳቱም ከሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፡፡ ስለዚህ ከሱቅ የወባ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ አይገባም፡፡ ትኩሳቱ አልለቅ ካለ ግን፣ በተለይ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ‹‹ተመርምሯል እኮ›› ብሎ ቤት መቀመጥ አደጋ አለው፡፡ ቶሎ ተመልሶ መሄድ፣ ከየት እንደመጡ ለሐኪሙ መንገር፣ ደሙም በማይክሮስኮፕ እንዲታይ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡