ስለ ድብና ስለ በርን ከተማ

ድብ ጠጉሩ ብዙ፥ ክንዱ ብርቱ፥ ጥፍሩም ረጅም የሆነ ታላቅ የዱር አውሬ ነው። በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም፤ ነገር ግን ዳዊት በብላቴንነቱ የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ እንደ ገደለ በመጽሐፍ ተጽፎአልና ስሙ የታወቀ ነው። ድብ እንደ ሰው በሁለት እግሩ ይቆማል፤ ሥርና ፍሬ፥ ማርና ሥጋም ይበላል፤ በብርድ ወራት በዋሻው ተኝቶ ይከርማል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ጀግና ሰው አንበሳ እንደሚባል፥ ድብ በሚኖርበት አገርም ድብ የኃይል ምልክት ሆነ።

በኤውሮፓ መካከል ስዊስ የምትባል ተራራማ አገር አለች። የመንግሥትዋ መቀመጫ የሆነችው ከተማ በርን ትባላለች። ይህችን ከተማ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1191 ዓ.ም. በርቶልድ የሚባል መስፍን መሠረታት። መስፍኑ አስቀድሞ፥ «በዚህ ዱር መጀመሪያ በምንገድለው አውሬ ስም ከተማይቱ ትጠራ» ብሎ ነበር፤ አዳኞቹም ድብ ገደሉ፤ ስለዚህ በርን ተባለች እየተባለ ይተረካል። ይህ ተረት ነው፤ የከተማው ሰዎች ግን ይወዱታል፤ ለልጆቻቸውም ይነግሩታል።

በ1224 ዓ.ም. በከተማይቱ ማኅተም ላይ የድብ ሥዕል ነበረ። በሰንደቅ ዓላማዋም በቀይ መደብ ላይ በቢጫ መንገድ ሽቅብ የሚሄድ ጥቁር ድብ ይታያል። በታላቁ የሰዓት ግንብም ሰዓቱ ሊደወል ሲቃረብ ትንንሽ የድብ ምስሎች በተራ ይዞራሉ፤ መንገደኞችም ቆመው ይመለከታሉ።

የበርን ሰዎች በሥዕሉ ብቻ ደስ አላላቸውም። በ1513 ዓ.ም. ወታደሮቻቸው ከጦርነት ሲመለሱ ሕያው ድብ ይዘው ገቡ፤ ከዚያም ወዲህ በከተማው ውስጥ ድቦችን በጉድጓድ ያኖሩ ጀመር። በ1798 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጦር ከተማይቱን በያዘ ጊዜ የግምጃ ቤቱን ገንዘብ ወሰደ፤ ድቦቹንም ወደ ፓሪስ ሰደዳቸው። የተሸነፈውን ሕዝብ ምልክቱን መውሰድ ክብሩን መውሰድ ነበርና። በኋላም በ1857 ዓ.ም. በወንዙ ድልድይ አጠገብ በድንጋይ የታነጸ ጥልቅ ጉድጓድ ተሠራ። ሰዎች ከላይ ሆነው ካሮት ይወረውሩላቸው ነበር፤ ድቦቹ ግን ሣር የሌለበትን ድንጋይ እየረገጡ ይኖሩ ነበር።

በዚያም ዘመን በስዊስ ተራሮች የሚኖሩትን ድቦች አዳኞች ፈጁአቸው። በ1904 ዓ.ም. በምሥራቁ አውራጃ የመጨረሻው ድብ ተገደለ። እነሆ፥ በሰንደቅ ዓላማ ከፍ ብሎ የሚውለበለበው አውሬ ከዱር ጠፋ፤ በከተማም የቀረው በጉድጓድ ታሰረ። ይህ ከአንገት በላይ የሆነ ክብር ነው።

ሰዎቹ ግን ስሕተታቸውን አስተዋሉ። ድብን መግደል በሕግ ተከለከለ። በ2005 ዓ.ም. አንድ ድብ ከኢጣልያ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ስዊስ ገባ፤ የመጨረሻው ድብ ከተገደለም አንድ መቶ ዓመት አልፎ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የበርን ከተማ በአሬ ወንዝ ዳር ለድቦችዋ ሰፊ ስፍራ አዘጋጀች፤ በዚያ ዛፍና ሣር፥ የሚዋኙበትም ውኃ አለ።

የድብን ሥዕል ሰቅሎ ድቡን የሚያስጨንቅ ሕዝብ፥ በአባቱ ስም እየማለ አባቱን የማይጦር ልጅን ይመስላል። ጀግናውን አንበሳ ብሎ የሚያመሰግንም ሰው አንበሳው የሚያድርበትን ዱር ይጠብቅ። እውነተኛ ክብር በቃልና በሥዕል ተጀምሮ በሥራ ይፈጸማልና።